ካርዱ ደሴ ደረሰ፤ ድራይቨሩስ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች አንዷ ውስጥ ነኝ። ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ካቻቢቴ፣ ቀዳዳው ሁሉ የተያዘ ዲቫይደር። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ተማሪ ከቦርሳው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ያገለገለ ጂቲኤክስ 780 ግራፊክስ ካርድ ነው። የመመረቂያ ሥራው የማሽላ ቅጠል በሽታን ከፎቶ የሚለይ ፕሮግራም ነው፤ በዋናው ፕሮሰሰር ብቻ ሲያሠለጥነው አንድ ሙከራ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ካርዱ ተሰካ። ፋኑ ዞረ። ዊንዶውስ ተነሣ። የተሰኩትን ዕቃዎች የሚዘረዝረው ዲቫይስ ማናጀር ሲከፈት ግን የካርዱ ስም የለም። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል። ሲስተሙ ያን ሁሉ ጉልበት ስክሪን ከማብራት በላይ አልቆጠረውም። ባለሙያው «አብሽር» አለውና መሳቢያው ውስጥ ፍላሽ መፈለግ ጀመረ።

ረዳት ፕሮሰሰር ማለት ከዋናው ፕሮሰሰር ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ወስዶ በፍጥነት የሚሠራ ቺፕ ነው። ሒሳብ፣ ሥዕል፣ ምስጠራ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። የተማሪው ግራፊክስ ካርድም አንዱ ነው። አንዳንዱ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ይሰካል፣ አንዳንዱ በራሱ ካርድ ይመጣል። ድራይቨር ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያንን ካርድ የሚያናግርበት ፕሮግራም ነው። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። መሪ የያዘ ሹፌር አይደለም። የደሴ ኮምቦልቻን ሚኒባስ ብናስብ፣ ሹፌሩ ዋናው ፕሮሰሰር ነው፣ ረዳቱ ካርዱ ነው፤ ድራይቨር የሚባለው ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። ቋንቋው ከሌለ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ይሄዳል እንጂ ሒሳብ አይሰበስብም።

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። ኢንቴል 8087 የተባለውን የሒሳብ ቺፕ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው (ቀጥለው ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ማዘርቦርድ ላይ ለዚሁ ቺፕ ባዶ ቦታ ነበረው። የፈለገ ገዝቶ ይሰካዋል። በዚያው በ1980 ማይክሮሶፍት ለአፕል 2 ኮምፒውተር ዜድ80 ፕሮሰሰር የተሸከመ ካርድ አወጣ። ካርዱን የሰካ ሰው ሲፒ/ኤም የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአፕል ላይ ማስነሣት ቻለ። በሶፍትዌር የምናውቀው ድርጅት ካርድም ይሸጥ ነበር ማለት ነው።

ለሒሳብ ቺፖቹ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ የሚያምር ብልሃት ነበረው። ቺፑ ካልተሰካ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ አንዲት ቢት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያለች ምልክት) ያበራል። ከዚያ ፕሮግራሙ የሒሳብ ትእዛዝ በላከ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ቆም ይልና ከርነሉን ይጠራል። ከርነሉ ሒሳቡን በሶፍትዌር ሠርቶ መልሱን ይሰጣል። ፕሮግራሙ ቺፑ እንደሌለ አያውቅም። ዝግ ማለቱ ግን ይታወቃል። ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ገና ሕፃን ሳለ ይህን ያደርግ ነበር። በ1989 የመጣው 486 የሒሳቡን ክፍል በውስጡ ይዞ ወጣና የተለየው ቺፕ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከአሠራሩ አንድ ልማድ ግን ሳይጠፋ ቆየ። ከርነሎች ጊዜ ለመቆጠብ የአንዱን ፕሮግራም የሒሳብ ቁጥሮች፣ ሌላው እስኪፈልግ ድረስ ሬጅስተር በሚባለው የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ ውስጥ ይተዉት ነበር። በ2018 ይህ ስንፍና በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ምስጢር እንደሚያሾልክ ታወቀ። ልማዱም ተተወ።

ወደ ካርዶቹ እንምጣ። በ1992 ፒሲአይ የተባለው የካርድ መሰኪያ ደንብ ከመምጣቱ በፊት ካርድ መሰካት ራስ ምታት ነበር። በካርዱ ላይ ያሉትን ጃምፐር የሚባሉ ትንንሽ መሰኪያዎች በእጅ እያዘዋወሩ ቁጥር መምረጥ ነው፤ ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከያዙ ሥራቸው ይጋጫል። ፒሲአይ ለእያንዳንዱ ካርድ 256 ባይት የምታክል መታወቂያ ሰጠው። በ2003 የተከተለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4096 ባይት አደረሳት። ውስጧ የአምራቹ ቁጥርና የካርዱ ቁጥር አለ። የተማሪውን ካርድ ቺፕ የሠራው የኤንቪዲያ ቁጥር 10ዲኢ ነው፣ የኤኤምዲ 1002። የኢንቴል 8086 ነው፤ በድሮው ፕሮሰሰራቸው ስም። ከርነሉ ሲነሣ ስሎቶቹን (የካርድ መሰኪያዎቹን) አንድ በአንድ ያንኳኳል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ «ይህን ቁጥር የማውቀው እኔ ነኝ» የሚል ድራይቨር ይፈልጋል። ካገኘ ያገናኛቸዋል። ካጣ ካርዱ ኤሌክትሪክ እየበላ ይቀመጣል። ዊንዶውስ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ በቢጫ ምልክትና በኮድ 28 ይታያል።

መታወቂያዋ ሌላም ነገር ትናገራለች፦ ካርዱ ምን ያህል የአድራሻ ቦታ (ፕሮሰሰሩ የሚያገኝበት የሜሞሪ ቁጥር) እንደሚፈልግ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ቴስላ ኬ80 የሚባለውን የሰርቨር ካርድ እንውሰድ። በ2014 የወጣ ነው፣ 24 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ አሁን በርካሽ ይገኛል። ተማሪ አይቶ ይጎመጃል። ካርዱ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለ አድራሻ ይጠይቃል። ማዘርቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ውስጥ «አቦቭ 4ጂ ዲኮዲንግ» የሚል ምርጫ ከሌለው ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። የስክሪን ቀዳዳ የለውም። ፋን የለውም። የኃይል ገመዱም የተለመደው የግራፊክስ ካርድ ገመድ ሳይሆን የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው። ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው።

ካርዱና ድራይቨሩ ከተዋወቁ በኋላ ዋናው ሥራ ዕቃ ማመላለስ ነው። ሰኞ ገበያን አስቡ። ነጋዴው እያንዳንዱን ጆንያ ራሱ ከተሸከመ ሌላ ነገር አይሠራም። ለኩሊው «መጋዘን ቁጥር ይህን ያህል፣ ሃያ ጆንያ» ብሎ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። ካርዱም እንዲሁ ከዋናው ራም ላይ ዳታውን ራሱ ይወስዳል። ዲኤምኤ የሚባለው ይህ ነው። የድራይቨሩ ድርሻ ትክክለኛውን የመጋዘን ቁጥር መስጠትና ዕቃው ተጭኖ ሳያልቅ ከርነሉ መጋዘኑን ለሌላ እንዳያከራየው መያዝ ነው። ኩሊው ሌላ መጋዘን እንዳይገባ ደግሞ አይኦኤምኤምዩ የሚባል ዘበኛ አለ። ቁጥር የተሳሳተ ድራይቨር ዘበኛ በሌለበት ማሽን ላይ የሰው ንብረት ይበትናል። ዊንዶውስ ሲቆም የሚታየው ሰማያዊው ስክሪን ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

ትእዛዙ የሚሄደው በወረፋ ነው። ድራይቨሩ ሥራዎቹን ራም ላይ በክብ ወረፋ ይደረድራል፤ ከዚያ ካርዱ ላይ ያለች አንዲት ሬጅስተር ላይ ቁጥር ይጽፋል። ደወል እንደ መደወል ነው። ካርዱ ተነሥቶ ከወረፋው ማንሣት ይጀምራል። ሲጨርስስ? ፕሮሰሰሩ በየሰከንዱ «አለቀ? አለቀ?» ቢል፣ በየፌርማታው ቆሞ «ወራጅ አለ?» እንደሚል ሹፌር ይሆናል። ኮምቦልቻ አይደርስም። ስለዚህ ካርዱ ራሱ «ወራጅ አለ!» ይላል። ይህ ኢንተራፕት ነው። ድራይቨሩ ይሰማል፣ ውጤቱን ለፕሮግራሙ ያሳልፋል፣ ጉዞ ይቀጥላል።

ካርዱ ዝም ካለስ? ዊንዶውስ ለግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው ትዕግሥት በመደበኛው 2 ሰከንድ ነው። ካርዱ በአንድ ሥራ ላይ ከዚያ በላይ ከተያዘና መልቀቅ ካልቻለ ሲስተሙ ተሰቅሏል ብሎ ካርዱን እንደገና ያስነሣዋል። ለጌም ይህ ጥሩ ነው። ረጅም ስሌት ለሰጠ ተማሪ ግን ሥራው መሃል ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ እሱም ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጩ ይሮጣል። ሥራውን መቆራረስ ነበር መፍትሔው።

ሰዎች «ድራይቨር» ሲሉ አንድ ነገር ይመስላቸዋል። ቢያንስ ሦስት ነው። ከርነል ውስጥ የሚሠራው ክፍል አለ። ከሱ በላይ ፕሮግራሞች የሚጠሩት ላይብረሪ አለ፤ ኤንቪዲያ በ2007 ያወጣው ኩዳ ዋናው ምሳሌ ነው። ካርዱ ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድራይቨሩ ራሱ የሚጭነው ፈርምዌር የሚባል የካርዱ የራሱ ፕሮግራም አለ። ሦስቱ ካልተናበቡ ነገር ይበላሻል። ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩን አድሶ ሪስታርት ሳያደርግ የቀጠለ ሰው የከርነሉና የላይብረሪው ቁጥር አልገጠመም የሚል መልእክት ያገኛል። ፎርማት አድርጉልኝ ብለው የሚመጡ አሉ። ማጥፋትና ማብራት ይበቃው ነበር።

ሊኑክስ ለረጅም ጊዜ ከኤንቪዲያ ጋር ሆድና ጀርባ ነበር። ኩባንያው የከርነሉን ክፍል ዝግ አድርጎ ነበር የሚያድለው፤ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ኑቮ የሚባለውን ክፍት ድራይቨር በግምትና በሙከራ ሠሩ። ግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ የከርነሉን ክፍል ከፈተ፤ ለአዳዲሶቹ ካርዶች ብቻ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ብቻ የተሠሩ ካርዶች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሊኑክስ ውስጥ የራሳቸው ቤት አልነበራቸውም። በ2023 በወጣው 6.2 ከርነል «አክሰል» የሚባል ክፍል ተሰጣቸው።

አንድ የእኛ አገር ነገር ልጨምር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ብርዱ ይክሳል። ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ያለችው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነች። አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱም አብሮ ይመጣል። ካርዱ ሙቀቱን ራሱ ይለካል፤ ከልክ ሲያልፍ ፈርምዌሩና ድራይቨሩ ፍጥነቱን ይቀንሱታል። ስለዚህ «ካርዴ ከሰዓት በኋላ ይደክማል» የሚል የኮምቦልቻ ልጅ አያጋንንም። መብራቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስሎቱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 780 ወደ 250 ዋት ይፈልጋል። ቀሪው ከፓወር ሰፕላዩ በገመድ ይመጣል። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሲበዛበት ካርዱ ድንገት ከሲስተሙ ይጠፋል፤ ሰውም ድራይቨሩን ይረግማል።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ዕቃውን ብቻ አይደለም። የቀረውን የድራይቨር ዕድሜም ነው። ብረቱ ሳይሞት ድራይቨሩ የሞተበት ስንት አለ! አጂያ የተባለ ኩባንያ በ2006 ለጌም ፊዚክስ ብቻ የሚሠራ ፊዝኤክስ ካርድ አወጣ። በ2008 ኤንቪዲያ ኩባንያውን ገዛውና ሥራው ወደ ግራፊክስ ካርዶቹ ገባ። የተለየው ካርድ ጌጥ ሆነ። የኢንቴል ዚዮን ፋይ በ2012 ሲመጣ ጉድ ነበር። ካርዱ ላይ ራሱን የቻለ ሊኑክስ ይነሣ ነበር፤ ኮምፒውተር ውስጥ የተሰካ ኮምፒውተር ማለት ነው። በ2020 ድራይቨሩ ከሊኑክስ ከርነል ወጣ። ካርዶቹ ግን ዛሬም ይሸጣሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ ያምራሉም።

የተማሪው ካርድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጂቲኤክስ 780 በ2013 የወጣ፣ ኬፕለር ከሚባለው ትውልድ ነው። ለዚያ ትውልድ የመጨረሻው ድራይቨር 470 የሚባለው ተከታታይ ነው። ኩዳ 12 ጨርሶ አያውቀውም። ባለሙያው ይህን የሚያውቅ ሰው ነው። ፍላሹ ላይ አዲሱም አሮጌውም አለ፤ እያንዳንዱ ከ500 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ፓኬጅ ማውረድ ለተማሪ ኪስ አይሆንም። አሮጌውን ጫነ። ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ጠቆረና ተመለሰ። የካርዱ ስም ወጣ።

«ኩዳ 11 ነው የምትጭነው» አለው። «አዲሱን ላይብረሪ እንዳትነካ። የድሮውን ስሪት ፈልግ።»

«ወንድሜ፣ መምህራችን የሰጠን ኮድ በአዲሱ ነው የተጻፈው።»

«እንግዲህ ኮዱን ትነካካለህ።»

ልጁ ትንሽ አሰበ። ሒሳብ ከፈለ፣ 470 ያለበትን ፋይል ወደ ስልኩ አስገለበጠ፣ ካርዱን መልሶ በጋዜጣው ጠቀለለው። መናኸሪያው ሳይዘጋ ለመድረስ ቸኩሎ ነበር።