«ጌመር» የተሰኘውን ፊልም በተመለከተ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በማርክ ኔቨልዲን እና በብራያን ቴይለር ተጽፎና ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2009 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው «ጌመር» ተመልካቾቹን ዛሬም ለሁለት ይከፍላል። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ኬን ካስል የተባለ ቱጃር «ናኔክስ» የሚባሉ፣ የአንጎል ሕዋሳትን እየተኩ የሚባዙ ረቂቅ ማሽኖችን ይፈጥራል፤ በእነርሱም አማካይነት አንድ ሰው የሌላውን አካል ከሩቅ ያዝዛል። በዚህ ቴክኖሎጂ ሁለት ጨዋታዎች ለገበያ ይቀርባሉ። «ስሌየርስ» ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች የሚገዳደሉበት ሜዳ ሲሆን፣ «ሶሳይቲ» ደግሞ ደመወዝተኞች ሰውነታቸውን ለማያውቁት ተጫዋች የሚያከራዩበት ከተማ ነው። ስለ ፊልሙ ከሚሰነዘሩት አስተያየቶች ብዙዎቹ የምርጫ ጉዳይ በመሆናቸው አከራክረው አያልቁም፤ አንዳንዶቹ ግን በፊልሙ ውስጥ ያለውን ነገር ልብ ካለማለት የመነጩ ናቸው።

«ፊልሙ ከአንድ ታዋቂ ቪዲዮ ጌም የተወሰደ ነው» የሚለው በቀላሉ የሚታረም ነው። «ስሌየርስ»ም ሆነ «ሶሳይቲ» ለፊልሙ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው፤ ድርሰቱም የሁለቱ አዘጋጆች የራሳቸው ነው።

«ሰዎቹ ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው ይዋጋሉ» የሚለው ግን ታሪኩን ከሥሩ ያፈርሰዋል። ወደ ምናባዊ ዓለም የሚገባ ማንም የለም። ሜዳው እውነተኛ መሬት፣ ጥይቱም እውነተኛ ጥይት በመሆኑ የወደቀው ሰው ተመልሶ አይነሳም። ጄራርድ በትለር የሚጫወተው እስረኛ ጆን ቲልማን በጨዋታው ስሙ «ኬብል» ይባላል፤ እርሱን የሚያንቀሳቅሰው ሳይመን ደግሞ በምቹ ክፍሉ የተቀመጠ የ17 ዓመት ልጅ ነው። እስረኛው 30 ውጊያዎችን በሕይወት ካለፈ ነጻ እንደሚወጣ ቃል ተገብቶለታል። በልጁ ትእዛዝና በኬብል እንቅስቃሴ መካከል ያለችው ቅንጣት መዘግየት፣ ማለትም ተጫዋቾች «ፒንግ» የሚሏት፣ በቤት ውስጥ ጨዋታ ከብስጭት አታልፍም፤ እዚህ ግን የሰው ነፍስ ታስከፍላለች። ኬብል ልጁን እንዲለቀው የሚጠይቀውም በዚህ ምክንያት ነው። እንደ እኔ ግምት በፊልሙ ውስጥ በጥልቀት የታሰበበት ነጥብ ይህ ነው።

«ታሪኩ የተፈጸመው በ2024 ስለሆነ ትንቢቱ ከሽፏል» የሚሉም አሉ። ዓመተ ምሕረቱ በብዙ የታሪክ ማጠቃለያዎች ይጠቀሳል፤ ሆኖም ፊልሙ ራሱ ሲጀምር የሚያስነብበው ከዚህች ቅጽበት ጥቂት ዓመታት በኋላ እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጽበቲቱ ተመልካቹ ፊልሙን በከፈተ ቁጥር አብራው ትጓዛለች።

በቅርብ ዓመታት ፊልሙን ያዩ ወጣቶች ደግሞ ከ«ስኩዊድ ጌም» የተኮረጀ ይመስላቸዋል። የኮሪያው ተከታታይ ድራማ የወጣው በ2021፣ ማለትም ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ፊልሙን በኩረጃ መክሰስ የፈለገ ሰው፣ ወንጀለኞች ለቴሌቪዥን ተመልካች መዝናኛ ሲታደኑ ወደሚያሳየው የ1987ቱ «ዘ ረኒንግ ማን» ቢያመለክት ይሻለዋል። በዚያ ፊልም ግን ታዳኙ ቢያንስ በእጁና በእግሩ ላይ ያዝዛል፤ ኬብል ያን እንኳ ተነፍጓል።

በሰፊው የተሰራጨው አመለካከት «ፊልሙ ጌም ወጣቶችን ገዳይ እንደሚያደርግ ያስተምራል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ከፊልሙ ግማሹን ብቻ፣ ማለትም ግራጫውንና ጭስ የለበሰውን «ስሌየርስ»ን ያስታውሳሉ። ደማቅ ቀለማት የሚንቦገቦጉበትን «ሶሳይቲ»ን ዞር ብሎ ያየ ሰው ግን የክሱ አቅጣጫ ሌላ መሆኑን ይረዳል። የቲልማን ሚስት አንጂ ልጇን ለማስመለስ የምትለፋ እናት ስትሆን፣ እንጀራዋን የምታገኘው ሰውነቷን በማከራየት ነው። ከወንበሩ የማይነሳ አንድ ግዙፍ ሰው ልብሷን ይመርጥላታል፤ ማንን እንደምትነካ፣ ማንስ እንደሚነካት ይወስንላታል። እርሷ እያየችና እየተሰማት እምቢ ማለት አትችልም። እዚህ የሚገደል ሰው የለም፤ ሁሉም ነገር በውልና በደመወዝ የተፈጸመ በመሆኑ ሕጋዊ ነው። ካስልም ትርፉን የሚያገኘው ከሁለቱም ወገን፣ ከችግር የተነሳ ተገዢ ከሆነውና ለመግዛት ከሚከፍለው ነው። ሳይመንን ብንወስድ እንኳ ፊልሙ ልጁን ጨካኝ አድርጎ አልሣለውም፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው መሆኑን ቆም ብሎ ያላሰበ፣ ሲነገረው ግን የሚሰማ ልጅ ነው። የተከሰሰው እንግዲህ በሰው ላይ የማዘዝ ሥልጣን እንደ ሸቀጥ መሸጡ ነው።

ይህን ስል ፊልሙ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። የሴትን ገላ መሸቀጥ እያወገዘ ካሜራው በዚያው ገላ ላይ ሲንከላወስ ይቆያል፤ በዚህ ረገድ የተቆጡ ተመልካቾች የተሳሳቱ አይመስለኝም።

«ቀረጻውና ቅንብሩ የተዝረከረከው ሠሪዎቹ ስለማይችሉ ነው» የሚለውም ግማሽ ስህተት ነው። ሁለቱ አዘጋጆች በ«ክራንክ» ፊልማቸው የታወቁት ካሜራ ይዘው በጫማ መንኮራኩር እየተንሸራተቱ በመቅረጽ ነው። «ጌመር»ንም ያኔ አዲስ በነበረው ሬድ ዋን በተባለው ዲጂታል ካሜራ ሲቀርጹ፣ የምስሉ መቆራረጥና መንቀጥቀጥ የተጫዋችን ስክሪን እንዲመስል አስበውበታል። ታስቦበት መሠራቱ ዓይን እንዳይደክም አያደርግም፤ ቢሆንም አለመቻል ሌላ፣ አለመውደድ ሌላ ነው። የገበያውን ነገር ካነሣን፣ 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወጣበት ፊልም በዓለም ዙሪያ ከሲኒማ ቤቶች ያስገባው ከዚያ ያነሰ ነው፤ «በጊዜው ትልቅ ስኬት ነበር» የሚሉት ከዲቪዲ ዝናው ጋር ሳያምታቱት አልቀሩም።

የቀረው መጨረሻው ነው። «አክተሩ አይሞትም» ብለን ስላደግን ይሆናል፣ ብዙዎች ኬብል ካስልን በጉልበትና በፈቃድ ጥንካሬ እንዳሸነፈ ይናገራሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ካስል የራሱን አንጎል ለመቀበል ሳይሆን ለማዘዝ በተሠሩ ናኔክሶች ስለተካ፣ ያሰበው ሁሉ በሌላው አካል ላይ ይፈጸማል። ኬብልም ቢላዋውን እንደያዘ እጁ ሲታገድበት፣ ስለቱ በራሱ በካስል ሆድ ውስጥ ሲገባ እንዲያስብ ለካስል ይነግረዋል። ካስል ሳይወድ በግዱ ያስበዋል፤ ሐሳቡም ትእዛዝ ሆኖ የኬብልን እጅ ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያም ቲልማን ናኔክሶቹ እንዲጠፉ ይጠይቃል። የካስል ባለሙያ ያጠፋቸውና በደንብ መጫወቱን ያደንቅለታል፤ ሲያደንቀው የጠራው ግን «ኬብል» ብሎ ነው።