ፓተርን እቤት መሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ፓተርን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። ፓተርን ማለት ግን ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት የልብሱ ክፍሎች በወረቀት የሚነደፉበት ቅድ ነው። ካኪ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና ሜትር ካለ እቤት ይሠራል። ሰውን ከመጀመር የሚያግደው ስለሱ የሚወራው ነው።

«ጎበዝ ሰፊ ወረቀት አያስፈልገውም»

ፒያሳ አካባቢ ልምድ ያላቸው ሰፊዎች በሳሙና ጨርቁ ላይ አስምረው ወዲያው ይቆርጣሉ። ያስቀናል። ለዓመታት ስለደጋገሙት ቅዱን በቃላቸው ይዘውታል። ጀማሪ ያንን ገና አልያዘም። ወረቀት ላይ የተበላሸ መስመር በላጲስ ይጠፋል። የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም፤ ዋጋውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ሒሳብ የማይችል አይሞክረውም»

ለ4 ማካፈል ከቻላችሁ ይበቃል። ቀጥ ያለ ጉርድ ቀሚስ እንውሰድ። ወገብ 76፣ ዳሌ 96 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ዳሌው ለ4 ሲካፈል 24፤ ለመንቀሳቀሻ 1 ሲጨመር 25። ወገቡ ለ4 ሲካፈል 19። እዚህ ላይ 3 ሳንቲሜትር ጨምሩና 22 አድርጉት። የተጨመረችው 3 ወገብ ላይ ታጥፋ፣ ወደ ታች እየሾለች ትሰፋለች፤ ወገቡን የምትይዘው እሷ ናት። ከ22 እስከ 25 ያለው ልዩነት በጎን በኩል ለስለስ ባለ ቅስት ወደ ዳሌ ይወርዳል። የኋላዋ እጥፋት ከፊቷ ረዘም ትበል፤ መቀመጫ ከሆድ ዝቅ ብሎ ነው የሚሞላው። ከወገብ እስከ ዳሌ ያለውን ቁመት ከሌላ ሰው አትዋሱ፣ በራሳችሁ ላይ ለኩ። የሚነደፈው የፊት ሩብና የኋላ ሩብ ብቻ ነው። ጨርቁ ታጥፎ ስለሚቆረጥ ሌላው ግማሽ አብሮ ይወጣል።

«ደረቴ 92 ከሆነ ልብሱም 92 ይሁን»

እንዲህ የተሠራ ሸሚዝ አያስተነፍስም። ለማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ዙሪያው ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር መጨመር የተለመደ ነው። ለሐዋሳ ሙቀት እኔ ወደ 10 አደላለሁ። የሚለጠጥ ጨርቅ ግን በሰውነት ልክ፣ አንዳንዴም ከዚያ አንሶ ይቆረጣል።

«ጨርቅ ለመቆጠብ ወረቀቱን እንደተመቸ ማዞር ይቻላል»

ብዙ ልብስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቁራጭ ጨርቅ ያዙና መጀመሪያ በቁመቱ፣ ቀጥሎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ጎትቱት። በድሩ በኩል፣ ማለትም በቁመት በሚሄደው ክር፣ እምቢ ይላል፣ በሰያፍ ይለጠጣል። የሱሪ እግር ከድሩ ዘንበል ብሎ ከተቆረጠ ታጥቦ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፤ የጎን ስፌቱም ወደ ፊት ይዞራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የድሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አስምሩ። ቀስቱ ከጨርቁ የጎን ጠርዝ ያለው ርቀት ላይም ታችም እኩል ይሁን።

የሀበሻ ቀሚስ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። ጥለቱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጫፉን ቅስት አድርጎ መቁረጥ ጥለቱን መቁረጥ ነው። ቀሚሱ እንዲንዘረፈፍ ከተፈለገ ወገቡ ላይ በሽብሽቦ ይምጣ፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቅር።

«ያለኝን ልብስ ለመቅዳት መፍታት አለብኝ»

አያስፈልግም። ወረቀቱን ትራስ ላይ ዘርጉ፣ ልብሱን ደልድላችሁ አስቀምጡበትና ስፌቱን ተከትላችሁ በስፒል ውጉ። ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ስታገናኙ ቅዱ ይወጣል።

«የሙከራ ስፌት ብክነት ነው»

አቡጀዲ ወይም ያረጀ አንሶላ ይበቃል። ላላ አድርጋችሁ ስፉ፣ ልበሱት፣ ቁጭ በሉበት፣ እጃችሁን አንሱ። ያስተካከላችሁትን ሁሉ ወረቀቱ ላይ መልሱ።

«ለእህቴ ዙሪያውን 2 ሳንቲም ብጨምርበት ይሆናታል»

ለሠርግ አንድ ዓይነት ልብስ ሲሰፋ ይህ ይመጣል። ደረቷ በ8 ሳንቲሜትር ቢበልጥ ጎኑ ላይ ለየሩቡ 2 መጨመር ልክ ነው። አንገትና ትከሻ ግን በዚያው መጠን አይጨምሩም። ዙሪያውን እኩል ከጨመራችሁ አንገቱ ይከፈታል፣ እጅጌውም ከትከሻ ይወርዳል። የትከሻዋን ስፋትና የጀርባዋን ቁመት ለብቻ ለኩ። ወረቀቱ ላይ ስሟን፣ የተለካችበትን ቀንና የስፌት ትርፉ (ከስፌቱ ውጭ የሚተወው ጠርዝ) ተካቶ እንደሆነ ጻፉበት። ገና የምታድግ ልጅ ከሆነች በሚቀጥለው ልብስ እንደገና ለኳት።