ውልቃት ምንድን ነው? «ገባ» ማለት «ዳነ» ማለት አይደለም

«ትከሻዬ ወልቆ ወጌሻ አስገባልኝ፤ በሦስተኛው ቀን አረስኩ» ብሎ አንዱ ጽፏል። ሌላው ተቀብሎ «ታዲያስ! ገባ ማለት ዳነ ነው» ይለዋል። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ስንት ትከሻ ሳይ ነው የምውለው፤ ይህችን ማለፍ አቃተኝ።

ውልቃት አጥንት ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ነው፤ ወለምታ ግን ጅማት ሲሳብ ነው። የሚያናድደኝ «ገባ» የምትለው ቃል ናት።

ሞፈርና ቀንበር የሚያያዙት በምራን፣ በቆዳ ጠፍር ነው። ምራኑ ተበጥሶ ሞፈሩ ቢወድቅ፣ አንስቶ ቀንበሩ ላይ ማስደገፍ ጥገና ነው? የክንድ አጥንት ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ጥልቀት የለውም፤ የሚይዘው ዙሪያውን ያለ ከንፈር መሰል ጠርዝና ጅማት ነው፤ ምራኑ እነሱ ናቸው። ትከሻ ሲወልቅ (አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ነው) ያ ከንፈር ብዙ ጊዜ ይገነጠላል። አጥንቱስ ተመለሰ፤ ምራኑስ? እርጥቡን ምራን አስሮ ወዲያው በሬ የሚነዳበት የለም። ክንድም ከ1 እስከ 3 ሳምንት አንገት ላይ በታሰረ ጨርቅ ያርፋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይፍታታል። ምራን ሲበዛ ከደረቀም ይገትራል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ክንዱን አስሮ ወር ከተቀመጠ ትከሻው እንደዚያው ነው። በሬዎቹ ጡንቻዎቹ መሆናቸው ነው፤ እነሱም ካልተገሩ... በቃ፣ ገባችሁ።

በቅርቡ ከደጀን በኩል አንድ የ19 ዓመት ልጅ ቀኝ ክንዱን በግራው እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ። መጀመሪያ የወለቀው የገና ጨዋታ ሲጫወት ወድቆ ነው፤ በሳምንቱ ሥራ ገባ። ይኼኛው ሦስተኛው ነው፤ መውደቅም አላስፈለገው፣ ከማሽላ ወፍ ሊያባርር ወንጭፉን ወደ ኋላ ሲያነሳ ወለቀ። በወጣት ላይ እንዲህ መደጋገሙ የተለመደ ነው። ሽማግሌ ላይ ደግሞ መደጋገሙ ሳይሆን የጅማት መበጠስ ያሳስበኛል፤ ትከሻው ገብቶም ክንዱ አልነሳ ይላል።

ወጌሻ ልንቅ አይደለም፣ አያቴም ወጌሻ ነበሩ። ግን ስብራት አብሮ ካለ ስቦ ማስገባት ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ትከሻው ከመግባቱ በፊትም በኋላም ራጅ ይነሳ። የትከሻው ውጭ ቆዳ ከደነዘዘ ነርቭ ተነክቷል፤ ጣት ከቀዘቀዘ አንድ ሰዓትም አይጠበቅ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ሊወልቅበት ይችላል፤ ከፊት ብቻ የተነሳ ራጅ ይህን ሊያሳልፈው ይችላል።

ለልጁ ክንዱን ወደ ላይና ወደ ኋላ ለ6 ሳምንት እንዳያነሳ፣ ቀዶ ሕክምናም እንዲያስብበት ነገርኩት። «ወፉንስ ማን ይጠብቅ?» አለኝ። ታናሽ ወንድም አለህ ወይ አልኩት።