ትሪክስተር ምንድን ነው? የናናቦዞ የተቃጠለ መቀመጫ

ትሪክስተር የተረት አታላይ ገጸ ባሕርይ መጠሪያ ነው፤ አሁን ግን ሰው አታሎ ሥልጣን ወይም ገንዘብ ያገኘ ሁሉ «ትሪክስተር» መባል ጀምሯል። ፖለቲከኛው ትሪክስተር፣ አጭበርባሪው ነጋዴ ትሪክስተር። ይህን ችዬ አልፈው ነበር። ያላስቻለኝ አንድ ጸሐፊ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረቶች ጠቅሶ፣ ልክ እንደ እኛ ጦጣና ጅብ ደካማው ኃይለኛውን በብልጠት የሚረታባቸው ናቸው፣ ሕዝቦቹም ከቅኝ ገዢ የተረፉት በዚሁ ብልጠት ነው ማለቱ ነው።

እስቲ ናናቦዞን እንይ። ካናዳና አሜሪካ በሚዋሰኑባቸው ታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ የሚኖሩት አኒሺናቤዎች የሚተርኩለት እሱን ነው። ደካማ የሚባል አይደለም፤ እናቱ ሰው፣ አባቱ የምዕራብ ነፋስ መንፈስ ነው፤ ከጥፋት ውኃ በኋላ ምድርን መልሶ ያቆመም እሱ ነው። ሲርበው ግን ዳክዬዎችን ይሰበስብና «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጨፍሩ» ይላቸዋል። እየዘፈነላቸው አንገታቸውን አንድ በአንድ ይጠመዝዛል። አንዲት ጠላቂ ወፍ ሰረቅ አድርጋ ዓይኗን ትገልጥና ጩኸቷን ታቀልጠዋለች። በንዴት ይረግጣታል፤ እግሯ ወደ ኋላ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ጸሐፊው ያነበበው እስከዚህ ድረስ ይመስለኛል። ተረቱ ግን ይቀጥላል። ናናቦዞ ዳክዬዎቹን እግራቸው ብቻ እንዲታይ አድርጎ አሸዋ ውስጥ ይቀብርና እሳት ያነድባቸዋል። ከዚያ የገዛ መቀመጫውን «ሰው ከመጣ ቀስቅሰኝ» ብሎ አዞ ይተኛል። መንገደኞች መጥተው ሥጋውን ጥርግ አድርገው ይበሉና እግሮቹን መልሰው አሸዋው ላይ ይተክላሉ። ነቅቶ አንዱን እግር ሲስብ ባዶ ነው። ዘብነትህን አልተወጣህም ብሎ በመቀመጫው ላይ ይፈርድና እሳቱ ላይ ይጥደዋል። የሚቃጠለው ማን እንደሆነ የሚገባው ዘግይቶ ነው።

ጦጣ ጅብን ስታሞኝ ከጦጣ ጋር ሆነን እንስቃለን። እዚህ ግን የምንስቀው በአታላዩ በራሱ ላይ ነው። ትሪክስተር መብራት በጠፋበት ቤት፣ ሌላው በር ላይ ሲያመነታ ዘሎ የሚገባ ሰው ነው። ጉልበቱ ሲጋጭ ጠረጴዛው የት እንዳለ እንሰማለን፤ እንስራ ሲሰብር ውኃው የት እንደነበር እናውቃለን። አንዳንዴ እየተደናበረ መስኮቱን ገፍቶ ይከፍተውና ቤቱ ወገግ ይላል፤ የገባው ግን ለዚያ ብሎ አልነበረም። በር ላይ የቆሙት፣ ማለትም ተረቱን የሚሰሙት ልጆች፣ ጉልበታቸው ሳይላጥ የቤቱን አቀማመጥ ለዩ ማለት ነው።

ለኑሮ የሚበጀው ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ነው። በሌላ ተረት የሜፕል ዛፍ ድሮ ወፍራም ሽሮፕ ያፈስ ነበር። ሰዎቹ አደኑንም ዓሣ ማጥመዱንም ትተው ከዛፉ ሥር አፋቸውን ከፍተው ተጋድመው ናናቦዞ ደረሰባቸው፤ ዛፉንም ውኃ ሞላበት። ዛሬ 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት ወደ 40 ሊትር የዛፍ ፈሳሽ ማፍላት ያስፈልጋል፤ ፈሳሹም የሚገኘው በብርዱ ማብቂያ፣ የሌሊት ውርጭና የቀን ሙቀት በሚፈራረቁባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ስንፍናን የቀጣው ያው መቀመጫውን የጠበሰው ናናቦዞ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን፣ ኮዮቴ የተባለው ሌላ የተረት አታላይ (ስሙ የቀበሮ መሰል አውሬ ነው) የነጭ ነጋዴን ፈረስና ልብስ ወስዶ እብስ የሚልበት ተረትም አለ። ግን የኮዮቴን ለናናቦዞ፣ የናናቦዞን በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ሕዝቦች ተረት ላለው አታላይ ቁራ ማልበስ አይቻልም፤ ሁሉንም በአንድ ስም የጠቀለሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን አጥኚዎች ናቸው። የታተሙት ቅጂዎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ሰብሳቢዎቹ ጸያፍ ያሉትን ክፍል አንዳንዴ ቆርጠውታል፣ አንዳንዴም ተራ አንባቢ እንዳይረዳው በላቲን ጽፈውታል።

«በብልጠት ተረፉ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። በልማዱ እነዚህ ተረቶች የሚነገሩት በረዶ መሬቱን በሸፈነበት ወራት ብቻ ነው። በካናዳ፣ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆችን ከቤተሰብ ነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብተዋል፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ልጅ በቋንቋው ሲናገር ከተሰማ ይቀጣ ነበር። የትምህርት ዘመኑን አስቡት፦ በበረዶው ወራት ልጁ ትምህርት ቤት ነው፤ ወደ ቤቱ የሚመለሰው፣ ከተመለሰ፣ ተረት በማይነገርበት በሙቀቱ ወቅት ነው። ይህን ክፍተት የደፈኑት ልጅ ደብቀው ያስቀሩ፣ ያልተወሰደውን የልጅ ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው በረዶው እስኪቀልጥ የተረኩ አያቶች ናቸው። ጎልማሳ ሆነው የተመለሱትንም ከሀ ሁ ያስተማሩ አሉ። በዊስኮንሲን የሚገኘው ዋዱኮዳዲንግ ትምህርት ቤት ዛሬ ከአኒሺናቤዎች ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በኦጂብዌ ያስተምራል፤ የሜፕሉ ወቅት ሲደርስም ተማሪዎቹ ፈሳሹን ሊቀዱና ሊያፈሉ ጫካ ይወርዳሉ።