ከቆሻሻ የሚገኝ ኃይል፦ የሚባለውና እውነታው

«አጠገባችን ቆሻሻ አቃጥለው መብራት ሊያመነጩ ነው» ከተባለ የነዋሪዎች ስብሰባ ወዲያው ይጋጋላል። ከሚነሳው ሐሳብ አንዳንዱ ስህተት ነው፤ አንዳንዱ ግን እውነትነት አለው።

«ሰፈሩን ያገማዋል።» ሽታው በአብዛኛው ከጭስ ማውጫው አይደለም የሚመጣው። ከመኪኖቹና ቆሻሻው ከሚራገፍበት አዳራሽ ነው። በደንብ በተሠራ ማቃጠያ የአዳራሹ አየር እየተሳበ ወደ ምድጃው ይገባል፤ ሽታው እዚያው ይነዳል። በሩ ሲከፈት እንኳ ነፋሱ ወደ ውስጥ ነው የሚነፍሰው። ስለዚህ መኪኖቹ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት ያልፋሉ? ተሸፍነው ነው ወይ? ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

«ጭሱ መርዝ ነው።» በድሮዎቹ ማቃጠያዎች ላይ ይህ ስም ማጥፋት አልነበረም። ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይለቁ ነበር። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጋዙ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ከዚያ ይጣራል። ማጣሪያው የያዘው ብናኝ አመድ ግን አደገኛ ቆሻሻ ነው፤ ለብቻው መወገድ አለበት። «ምንም አይቀርም» የሚላችሁን ሰው ጠርጥሩት።

«ከቆሻሻ የሚገኘው ኃይል ሁሉ ታዳሽ ነው።» ይሄ ደግሞ የደጋፊዎቹ ስህተት ነው። የምግብ ትራፊና ወረቀት፣ አዎ። ፌስታል ግን የነዳጅ ዘር ነው።

«በባዮጋዝ የበሰለ ምግብ ይሸታል።» ከቆሻሻ ኃይል የሚገኘው በማቃጠል ብቻ አይደለም፤ ባዮጋዝ የምግብ ትራፊና እበት አየር በሌለበት ሲብላላ የሚወጣ ጋዝ ነው። ምግቡ ግን አይሸትም። ጥሬው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስላለበት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲነድ ግን ሽታው ይጠፋል፣ ነበልባሉም ሰማያዊ ይሆናል። ማድቤቱ ከሸተተ ጋዝ እያፈተለከ ነው፤ ቧንቧው ይፈተሽ።

«የሚቃወሙት ስላልገባቸው ነው።» እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቪየና መሀል ያለው የሽፒተላው ማቃጠያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 በእሳት ወደመ። መልሶ ሲሠራ ሕንፃውን እንዲያስውብ የተጠየቀው ሠዓሊው ፍሪደንስራይኽ ሁንደርትቫሰር ነበር። የተፈጥሮ ተቆርቋሪ ስለነበር መጀመሪያ እምቢ አለ። እሺ ያለው የጭሱ ማጣሪያ ዘመናዊ እንደሚሆን ከተረጋገጠለት በኋላ ነው። ሰውዬው ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ አልነበረም። ነዋሪም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ «እምቢ» የሚለው ጥያቄ ስላለው ነው። የጭሱን ልኬት ማን ያሳየናል? ሲበላሽ የሚያስቆመው ማነው? መብራቱና ሙቀቱስ ለማን ነው የሚሄደው?