የኢነርጂ ፍትሃዊነት ኢንተርንሺፕ ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህችን የአከራይ ሕግ አይስታትም፦ «ምጣድ አይቻልም»። አምፖል ይበራል፤ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፤ ቴሌቪዥንም እሺ ይሁን። ምጣድና የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ክልክል ነው። ተከራዩ በየወሩ «የመብራት» ተብሎ የተቆረጠበትን ብር ይከፍላል፤ እንጀራውን ግን በእንጨት ይጋግራል፣ ወይም ከሱቅ ይገዛል።

እዚያ ቤት አንድ መረጃ ሰብሳቢ መጥቶ «መብራት አላችሁ?» ቢል መልሱ «አለን» ነው። ቤቱ መብራት ካላቸው ጋር ይደመራል፣ ጉዳዩም ይዘጋል። የኢነርጂ ፍትሃዊነት የሚባለው ነገር የሚጀምረው ታዲያ «አለን» ከተባለ በኋላ ነው። ለምን ያህል ሰዓት? ለምን ለምን ሥራ? በስንት ብር? ጭሱን የሚውጠው ማን ነው? መስመሩ በየት በኩል ይለፍ ሲባልስ ማን ተጠየቀ?

ይህን ጥያቄ የመንግሥት ሥራ ያደረገችው በተለይ አሜሪካ ናት። በጃንዋሪ 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ባወጡት ትእዛዝ፣ የፌዴራል መንግሥት ለአየር ንብረትና ለንጹህ ኢነርጂ ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቅም 40 በመቶው ችግር ለተደራረበባቸው አካባቢዎች እንዲደርስ ግብ ተቀመጠ። ስሙም ጀስቲስ 40 ተባለ። «ችግር የተደራረበበት» ማለት ግን በስሜት አይወሰንም ነበር። አካባቢው በሕዝብ ቆጠራ ቀጠና ይሸነሸንና ገቢው፣ የኢነርጂ ወጪው፣ የአየሩ ብክለት በካርታ ላይ ይሰፍር ነበር። በዚያው አገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ መስፈሪያ ደግሞ አለ፦ አንድ ቤተሰብ ከገቢው ከ6 በመቶ በላይ ለመብራትና ለማሞቂያ ካወጣ ሸክሙ ከብዶታል ይባላል።

ኢንተርኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ተማሪ ወይም አዲስ ተመራቂ ሆኖ ለተወሰኑ ወራት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይቀመጣል። ሥራው ሲያዩት ደረቅ ነው። ኤክሴል ያጸዳል፣ ካርታ ይሠራል፣ የሕዝብ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ የድጎማውን ደንብ ሰው በሚገባው ቋንቋ አሳጥሮ ይጽፋል። የሚጥመው ክፍል «ድጎማው ተፈቅዶላቸው ሳለ ለምን አልመጡም?» ብሎ ማጣራቱ ነው። ለምሳሌ ጣሪያ ላይ ሶላር ለሚተክል ሰው መንግሥት ከግብር ቅናሽ ያደርግ ነበር። ሲታይ ለሁሉም እኩል የተከፈተ በር ይመስላል። ተከራይ ግን ጣሪያ የለውም። ገቢው ትንሽ የሆነ ሰው ደግሞ የሚቀነስለት ይህን ያህል ግብር የለበትም። ገንዘቡ ማንም ክፉ ሳያስብ ቀድሞ ወደተደላደለው ሰው ይፈስሳል።

ጀስቲስ 40ን ያመጣው የባይደን ትእዛዝ በጃንዋሪ 2025 በትራምፕ ተሽሯል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ኒውዮርክ በ2019 ባወጣችው የራሷ ሕግ ከንጹህ ኢነርጂ ወጪዋ ጥቅም ቢያንስ 35 በመቶ፣ ቢቻል 40 በመቶ ለእነዚህ አካባቢዎች እንዲደርስ ታስገድዳለች። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚፈልግ ሰው አሁን ከዋሽንግተን ይልቅ ወደ ግዛቶቹ ቢያይ ይሻለዋል።

እኛ ጋ ይሠራል? በደንብ። የእኛ ጣሪያ ቆጣሪው ነው። አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት ቤቱ የራስ መሆን አለበት፣ ወይም ባለቤቱ መፍቀድ አለበት። ስለዚህ በአንድ ግቢ አራት አምስት ቤተሰብ ከአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ታሪፉ ደግሞ ደረጃ አለው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ እየጨመረ ይሄዳል። ዝቅተኛው ደረጃ የታሰበው ለድሃ ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። አንድ ተኩል ሰዓት ከተጋገረበት 5 ኪሎዋት ሰዓት አለፈ። በሳምንት ሁለቴ ቢጋገር በወር 45 ገደማ ይሆናል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ ጋግሮ፣ ጥቂት አምፖልም አብርቶ እዚያው ድንበሩ አካባቢ ይቆያል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ቢጋግር ግን ግቢው ወደ ላይኛው ታሪፍ ይወጣል። ለድሃ የተባለው ዋጋ ድሃውን አለፈው ማለት ነው። በዚያ ላይ ያረጀ ሽቦ አምስት ምጣድ አይችልም። የአከራዩ ክልከላ ጭካኔ ሳይሆን ሒሳብ መሆኑ የሚገባን እዚህ ጋ ነው።

«ንጹህ» የሚለውም ቃል እኛ ጋ ቦታውን ይቀይራል። አሜሪካ ውስጥ ጠቡ ከድሃ ሰፈር አጠገብ ከሚቆመው የኃይል ማመንጫ ጭስ ጋር ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ማመንጫው ንጹህ ነው፤ ጭሱ ያለው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ በሩ ተዘግቶ ይጋገራል፤ ጭሱ መውጫ ያጣል። የሚያስለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እናትየዋና በጀርባዋ ያለው ሕፃን ነው። ሚርት የሚባለው የተሻሻለ የእንጨት ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ጥሩ ነው፤ ግን በራፍዋ ላይ የመብራት ምሰሶ ቆሞላት ለምን በተሻሻለ እንጨት እንደምትጋግር መጠየቅ ደግሞ አይቀርም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም መብራት ለማድረስ አቅዶ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ እንደ ሶላር ባሉ አማራጮች። እንዲህ ያለ ዕቅድ የሚቆጥረው የመስመር ግንኙነትን ነው። ከአንዱ ግንኙነት ጀርባ ስንት ቤተሰብ እንደተደረደረ ለማወቅ በር ማንኳኳት ይጠይቃል።

ያን በር ማንኳኳት የሚችል ሰው ቅርባችን አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምህንድስና ተማሪዎች ለኢንተርንሺፕ ይወጣሉ። የኤሌክትሪካል ተማሪ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ፓነል ቦርድና ሞተር ያያል፤ ፋብሪካው ከተማዋ ውስጥ ሞልቷል። በእኔ ግምት ከእነሱ ጥቂቱ አንድ ቀበሌ ይዘው ቢቀመጡ ለከተማ አስተዳደሩም ይጠቅማሉ። በቆጣሪ ስንት ቤተሰብ አለ? ተከራዩ የሚከፍለው በቆጣሪ ንባብ ነው ወይስ በቁርጥ? መብራት ሲጠፋ የትኛው ሰፈር ቆይቶ ይመጣል? ለእንጨትና ለከሰል በወር ስንት ይወጣል? ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ደብተር፣ ስልክ፣ የቀበሌ ደብዳቤና ሰው የሚያከብር አንደበት ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌግራም ላይ «የአሜሪካ መንግሥት የንጹህ ኢነርጂ ኢንተርንሺፕ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው መጀመሪያ የዜግነቱን መስፈርት ያንብብ። አብዛኛው የፌዴራል ኢንተርንሺፕ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። ለማመልከቻ ብር ላክ የሚል ከመጣ ደግሞ ሌላውን ማንበብም አያስፈልግም።