ካፕሳይሲን ምንድን ነው? በርበሬ የቀነጠሰ እጅ በውኃ የማይበርደውስ ለምንድን ነው?

ቡሬ አካባቢ ዛላ በርበሬ የሚቀነጠስበት ቤት ገና ከግቢው በር ያስታውቃል። እንግዳውን የሚቀበለው ማስነጠስ ነው። ሴቶቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ ዛላውን ከፊታቸው ዘርግፈው፣ ጭራውን እየነቀሉና እየሰነጠቁ ይውላሉ። ሥራው ላይ እያሉ እጅ ብዙም አይሰማውም። ጣጣው የሚመጣው ማታ ነው።

አክስቴ ባለፈው ጥር ሌሊቱን እጃቸውን ሳፋ ውኃ ውስጥ ነክረው አደሩ። ውኃው ውስጥ እስካለ ድረስ ያርፋሉ፤ ሲያወጡት ገና ሳይደርቅ ያንገበግባቸዋል። «እሳት የጨበጥሁ ያህል ነው ልጄ» አሉኝ። በኩራዝ ብርሃን አገላብጬ አየሁት። ቁስል የለም፤ ቆዳው አልተላጠም።

ይህን የሚያደርገው በበርበሬ፣ በሚጥሚጣና በቃሪያ ውስጥ ያለ ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ይመስለዋል። ካፕሳይሲን በብዛት የሚገኘው ግን ፍሬው ተጣብቆ በሚያድግበት ነጭ ጅማት ላይ ነው፤ ፍሬው የሚፋጀው ከዚያ ስለሚነካካ ነው። ዛላ የሚሰነጥቅ ሰው ጥፍር ቀኑን ሙሉ የሚፍቀው ይህንኑ ጅማት ነው።

እሳት ሳይኖር የእሳት ስሜት ከየት መጣ? በነርቮቻችን ጫፍ ላይ ሙቀትን የሚለዩ ጥቃቅን በሮች አሉ። ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ይከፈቱና «ተቃጠልህ» የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይሄዳል። ካፕሳይሲን ይህንኑ በር ያለ እሳት ይከፍተዋል። በሩን እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው ያሳወቁት አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። አማርኛችን በርበሬንም እሳትንም በአንድ ቃል «ይፋጃል» ማለቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ነርቭም ሁለቱን የሚሰማቸው በአንድ በር ነው። የበርበሬ እጅ ምድጃ አጠገብ ወይም ሙቅ ውኃ ውስጥ የሚብስበትም ለዚህ ነው።

ቀዝቃዛ ውኃ በሩን ለጊዜው ያበርደዋል እንጂ ካፕሳይሲኑን አያነሳውም፤ ካፕሳይሲን በውኃ እምብዛም አይሟሟም። የሚሟሟው በቅባትና በአልኮል ነው። ስለዚህ የምግብ ዘይት ይቅደም፤ ጎጃም ውስጥ የኑግ ዘይት አይጠፋም። በደረቅ እጅ ላይ አፍስሶ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር በደንብ ማሸት፣ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ሳሙናው ዘይቱን ይዞ ሲወርድ ዘይቱ ካፕሳይሲኑን ይዞ ይወርዳል። አክስቴ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ይህን አድርገው ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው።

አረቄም ይሠራል፤ ነገር ግን የተሰነጠቀ እጅን ክፉኛ ይለበልባል፣ እሳት አጠገብም አደገኛ ነው። ወተትና እርጎ ውስጥ መንከር ያስታግሳል። ሎሚና ኮምጣጤ ግን አልመክርም። በረኪና ደግሞ ጨርሶ አይነካ፤ ቆዳን የሚጎዳው እርሱ ነው።

ዓይን ሌላ ነገር ነው። በርበሬ የነካው ዓይን ዘይትም ሳሙናም አይገባበትም፤ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ብቻ ነው። ሕመሙ ካልተወ ወይም ማየት ካስቸገረ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። እጅ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ከወጣም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ ጓንት ማጥለቅ ነው። ከሌለ ንጹሕ ፌስታል እጅ ላይ አስሮ መሥራት፣ እርሱም ካላመቸ ከመጀመር በፊት እጅን ዘይት መቀባት። እናቶች ሆይ፣ እጃችሁን ስትጠርጉበት የዋላችሁትን የነጠላ ጫፍ አትርሱት፤ ማታ ሕፃኑ ፊቱን የሚቀብረው እዚያ ላይ ነው።